መርፌዋ ለምን ወረደች

«የነደደ ሞተር ላይ የሙቀት መርፌ ወረደች ብሎ መናገር በአብዮቱ ላይ መሳለቅ ነው።» ይህን ያለው ጓድ ደምሰው ነው፤ የሰማችው ደግሞ ሙሀባ ናት፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቀበሌው አዳራሽ መስኮት ሥር የባሏን የምሳ ሰሃን ታቅፋ ቆማ። ለእሷ ብሎ አልተናገረውም፤ ውስጥ ለተቀመጡት የአጣሪ ኮሚቴ አባላት ነው። ግን የአዳራሹ መስኮት መስታወት የለውም፣ የጓድ ደምሰው ድምፅም ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀጥሎ ያለውንም ሰማች። ሾፌሩ ሳልህ እስከ ነገ እኩለ ቀን አሳማኝ መልስ ካላቀረበ፣ የመንግሥት መኪና ሆን ብሎ ያቃጠለ አሻጥረኛ ተብሎ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል። ወደዚያ ሲላኩ ሙሀባ በዓይኗ ያየቻቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሲመለሱ ያየችው ግን የለም። ሰሃኑን ለዘበኛው ለአሊዪ ሰጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ነገ የተባለው ቀን ነጋ። ግንቦት ነው፤ ሸዋ ሮቢት በግንቦት ገና በጠዋቱ የቤቱ ቆርቆሮ መንጣጣት ይጀምራል። በሙሀባ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ የመኪና ዕቃ ሊቀቀል ነው። መካኒኩ ስንታየሁ ባትሪ በጆንያ ተሸክሞ፣ ሽንኩርት የሚያመጣ ሰው መስሎ በጓሮ በር ገብቷል። ስንታየሁ ከእህል ወፍጮ እስከ ከባድ መኪና የሚጠግን፣ ድሮ ጨዋታ አዋቂ የነበረ ሰው ነው፤ ባለፈው ክረምት ለጥያቄ ተወስዶ ከወጣ ወዲህ ግን ሰላምታውንም ቆጥቦ ነው የሚሰጠው። የተቃጠለውን ላንድሮቨር ፈትተህ ጉዳቱን ግለጽ ተብሎ በኮሚቴው ታዞ ነበርና፣ ከሞተሩ ላይ የነቀላቸውን ነገሮች በጨርቅ ቋጥሮ መጥቷል። በሩን ዘጋ፣ መስኮቱንም ዘጋ፣ ከዚያ እጁን አሻሽቶ «የማትፈልጊው ድስት አለሽ?» አላት። የማትፈልገው ድስት ያላት ሴት በየትኛው አገር እንዳለች አላህ ይወቅ። ሙሀባ ሁለት ድስት አላት፤ ሁለቱንም ትፈልጋቸዋለች፤ ትንሹን አጥባ ሰጠችው። ከሰል ከምድጃው ላይ ደረደረች። ከሰሉም ቢሆን ሰሞኑን እንደ ወርቅ ተወዷል፤ ለወጥ ሲሆን ትሰስታለች፣ ዛሬ ግን አልሰሰተችም። ክብሪት አጣች።

ክብሪት ፍለጋ ወደ ዋናው ክፍል ወጣች። አማቷ አባ አብዱልሃዲ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ሳልህ ከታሰረ ጀምሮ ከዚያ መደብ የተነሱት ለሰላት ብቻ ነው፤ ምግብ ሲቀርብላቸው ጎርሰው ይተዉታል፣ ሲያወሯቸው «ኢንሻአላህ» ብለው ይዘጋሉ። ኮታቸው ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ለኩራዝ ማብሪያ ክብሪት ከኪሳቸው አያጡምና ሙሀባ እጇን ሰደደች። የነካችው ግን ክብሪት አልነበረም። ደረቅ፣ ሻካራ፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት፤ ስታወጣት የበቆሎ ቆረቆንዳ ሆነች፣ ጫፏ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ። ጨርቁን ታውቀዋለች፤ ካረጀ ሻሿ የቀደደችው ነው። ክሩንም ያሰረችው ራሷ ናት። ሳልህ በላንድሮቨሩ ይዞት የሚወጣው ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ይህች ቆረቆንዳ ክዳኑ ናት። መኪናው የተቃጠለ ዕለት ጎህ ሲቀድ ቦኖ ወርዳ ጀሪካኑን አፉ ድረስ ሞልታ፣ ቆረቆንዳዋን በመዳፏ መትታ አጥብቃ ለባሏ የሰጠችው እሷ ነበረች።

ቀና ስትል አባ አብዱልሃዲ እያዩዋት ነው። ሙስበሃው ቆሟል። ሽማግሌው በዚያን ዕለት ደብረ ሲና እህታቸውን ሊጠይቁ በጭነት መኪና ሄድኩ፣ በጭነት መኪና ተመለስኩ ብለው ነበር፤ የጭነት መኪና ግን የሳልህን ጀሪካን ክዳን ኪስ ውስጥ አይከትም። ሙሀባ ቆረቆንዳዋን ከነበረችበት መለሰች፣ ከሌላኛው ኪስ ክብሪቱን አወጣች፣ ኮቱን ትከሻውን አስተካክላ እንደነበረ አደረገችው። ከኋላዋ ሙስበሃው እንደገና ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር ሰማች፤ ከቅድሙ ይልቅ ዘግየት ብሎ ነበር።

ማድ ቤት ውስጥ ውሃው እስኪፈላ ስንታየሁ ጨርቁን ፈታ። ሁለት የነሐስ ነገሮች ወጡ፣ ላልለመደ ዓይን መንታ የሚመስሉ። «ሁለቱም ቡልቦ ይባላሉ፤ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው» አላት። «ይቺ አጭሯ፣ ሰፋ ያለችው፣ የዘይት ናት፤ ከሞተሩ ጎን ነው የነቀልኳት። ይቺ አፍንጫዋ ረዘም ያለው የውሃ ናት፤ ውሃው ከሞተር ወጥቶ ወደ ራዲያተር በሚሄድበት ጎማ ሥር ነው የምትቀመጠው። ሾፌሩ ፊት ያለችውን መርፌ የምታንቀሳቅሰው ይቺ ናት። ሁለቱም የመንግሥት ናቸውና ሁለቱንም ትመልሻለሽ፣ ግን እንዳታቀያይሪያቸው።» ቀጥሎ ከላንድሮቨሩ የነቀላትን፣ የእጅ ሰዓት የምታህል መለኪያ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሽቦ አያያዘ፤ አንዱ ከባትሪው ወደ መለኪያዋ፣ ሌላው ከመለኪያዋ ወደ ቡልቦዋ ራስ፣ ሦስተኛው ከቡልቦዋ ገላ ተመልሶ ወደ ባትሪው። ረጅም አፍንጫዋን በፒንሳ ይዞ ከሚፈላው ውሃ ነከራት። መርፌዋ እንደ መንቃት አለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ወጣች፣ ወጣች፣ ቀዩ ላይ ደረሰች። አወጣትና በአየር ላይ ያዛት። ውሃው ከታች እየተንተከተከ መርፌዋ ቀስ በቀስ ቁልቁል ተመለሰች።

«አየሽ? ይቺ የምታውቀው ውሃ ነው። ውሃ እስከነካት ድረስ ትኩሳቱን ትናገራለች። ውሃው ጎድሎ ባዶ ቦታ ከቀረች ግን ሞተሩ ቢነድም አትሰማም፣ መርፌዋ ትወርዳለች። ሳልህ መርፌዋ ስትወርድለት የደብረ ሲና ንፋስ አበረደልኝ ብሎ ነዳ። እኔም ብሆን እነዳ ነበር።»

ሙሀባ ዓይኗን ከመርፌዋ ላይ ሳታነሳ ነገሩን ሁሉ በልቧ ገጣጠመችው። ላንድሮቨሩ ዳገት ሲወጣ ውሃ እንደሚጠጣ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ያለ ጀሪካን እንዳትወጣ የተባለውም ለዚሁ ነው። ሳልህ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ከደብረ ሲና አምጥቶ ማጀቴ ለተጠራ ስብሰባ ሊያደርስ ባዶውን ሲወጣ አባቱን ከመንገድ አሳፍሯል። ዳገቱ ሳይጋመስ ዙህር፣ የቀትር ሰላት፣ ደርሷል። ሽማግሌው ሰላት ከሚያልፋቸው ነፍሳቸው ብትወጣ ይመርጣሉ፤ ጀሪካኑን አውርደው፣ ክዳኗ አፈር እንዳይነካት ኪሳቸው ከትተው፣ ለሰላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው፣ ክዳኗን ረስተው ጀሪካኑን መልሰው ጭነዋል። የቀረውን ውሃ የአርማንያ ጠመዝማዛ መንገድ አፍስሶ ጨርሶታል። ይህን ማንም አልነገራትም፤ የነገረቻት ቆረቆንዳዋ ናት። ሳልህ ለምን አፉን እንደያዘም ገባት። ዘመድ በመንግሥት መኪና ማሳፈር አንድ ጥፋት ነው፤ እንግዳ እየጠበቀ መኪና አቁሞ ማሰገድ ደግሞ ሌላ። ለራሱ ቢሆን ሁለቱንም ይችለው ነበር። ያቃተው አባቱን በእነሱ እጅ ማየት ነው። ባሏ ላይም ተናደደች፣ አማቷ ላይም ተናደደች፣ ከሁለቱም በላይ ግን ፈራች።

«ጋሼ ስንታየሁ፣ አንተው መጥተህ ብታሳያቸውስ?»

«እኔን አትጥሪኝ፣ እህቴ። ያንን ክፍል አውቀዋለሁ።» ሽቦዎቹን እየጠቀለለ ቀና አላለም። «ባሌ ነው ያስተማረኝ በያቸው። ዕቃውን ለኮሚቴው አድርሺልኝ ብዬ ላክሁሽ፤ እኔ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቻለሁ።» በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞረ። «ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ነበረ?»

«ሞልቼው ነበር።»

«እንግዲያው ስለ ጀሪካኑ እንዳይጠይቁ ዱዓ አድርጊ» ብሎ በገባበት የጓሮ በር ወጣ።

ጋሪ ጠራች። ባትሪውን፣ የመለኪያዋንና የቡልቦዎቹን ጥቅል፣ ምድጃውን፣ ድስቱንና የከሰሉን ከረጢት ስትጭን አባ አብዱልሃዲ ኮታቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ከተማው ውስጥ እሳቸው ብቻ ይሆናሉ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። «አባ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ አንቱ ቤት ይሁኑ» ብትላቸው እንዳልሰማ ሆነው ጋሪው ላይ ወጡ። በገበያው አጠገብ አለፉ። ማንጎ ተከምሯል፣ ፓፓያ ተከምሯል፣ ቲማቲሙ በፀሐይ ተዝለፍልፎ ሻጮቹ በግማሽ ዋጋ ውሰዱልን ይላሉ፣ የሚያነሳው የለም። የሚያውቋት ሴቶች አይተዋት ዓይናቸውን ወደ ቲማቲማቸው መለሱ። ባሏ የታሰረባትን ሴት ሰላም ማለት በዚያ ሰሞን ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሙሀባ አልተቀየመቻቸውም፤ እሷም ባለፈው ዓመት ለሌላ ሴት እንዲሁ አድርጋለች።

ባለ ጋሪው ጆሮው ከፊት ቢሆንም ወደ ኋላ ነው የሚሰማው። ሙሀባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባ፣ እዚያ ከደረስን አንቱ ዝም ይበሉ። መርፌዋን አሳያቸዋለሁ፣ ያዩታል፣ ያበቃል። በአላህ ይዤዎታለሁ።» ሽማግሌው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ ተራራው፣ ወደ ደብረ ሲና በኩል ያያሉ። ያን ቆረቆንዳ ለምን እንዳልጣሉት ልትጠይቃቸው ፈለገች። መንገድ ዳር ቢወረውሩት ኖሮ የበቆሎ ቆረቆንዳ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ግን ሰውየው ከሰው ያገኙትን መርፌ ሳይመልሱ የማያድሩ ናቸው፤ የሰው ዕቃ መጣል አልሆነላቸውም። ቀበሌው ደጅ ደረሱ።

አዳራሹን ሙሀባ ታውቀዋለች። ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት የምትማረው እዚያው ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትናንት ያጠኑት ፊደል ገና አልጠፋም። ዛሬ ግን አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ መካከል ላይ ጠረጴዛ ቀርቦ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ጓድ ደምሰውና ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ቢጫው ጀሪካን አለ። አፉ ክፍት ነው። ሙሀባ ስታየው ዓይኗን ቶሎ አነሳች። አሊዪ አሮጌ ጠመንጃውን እያንገላታ ሳልህን አስገባው። ሳልህ ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ላይ የዘይት እድፍ እንዳለ ነው። ሚስቱን አየ፤ ምድጃና ድስት ይዛ ሲያያት ግራ ገባው። ከዚያ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን አባቱን አየ። የዚያን ጊዜ ፊቱ ላይ የወጣውን ነገር ሙሀባ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፤ ሰው ሲያርዱት እንኳ እንዲያ አያይም። ወዲያው አንገቱን ደፋ።

«መርፌዋ ለምን እንደወረደች ላሳያችሁ ነው የመጣሁት» አለች ሙሀባ። ጓድ ደምሰው በድስቱ ተገርሞ ይሁን በድፍረቷ፣ በእጁ ቀጥይ አላት። ከሰሉን አያያዘች፣ በሻሿ ጫፍ አራገበች፣ ውሃው እስኪፈላ ሁሉም ጠበቁ። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ ላብ ከግንባሯ ወደ ዓይኗ ይወርዳል። ሽቦዎቹን እንዳየችው አያያዘች፣ ቡልቦዋን በፒንሳ ይዛ ነከረች። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ነከረች። የለም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ወጡ ጨው አንሶታል መሰለኝ» አለና ሁለቱ ሳቁ። በባትሪው በኩል ያለውን ሽቦ ነካካች፣ አጠበቀች፤ ሁሉም ደህና ነው። ያኔ ፒንሳው ጫፍ ላይ ያለችውን አየቻት፤ አጭር ናት፣ ሰፋ ያለች። የዘይቷን ነው የያዘችው። «ይቅርታ፣ ይቺ የዘይት ናት» ብላ ከጨርቁ ውስጥ ረጅም አፍንጫዋን አወጣች፣ ሽቦውን አዛወረች፣ ቢስሚላህ ብላ ነከረች።

መርፌዋ ወጣች። የሳቁት ሰዎች ሳቃቸውን ዋጡ። ቀዩ ላይ ስትደርስ ሙሀባ ቡልቦዋን ከውሃው አወጣችና በአየር ላይ ያዘቻት፤ መርፌዋ እየተንቀረፈፈች ቁልቁል ወረደች፣ ውሃው ግን ድስቱ ውስጥ እየተፍለቀለቀ ነው። «ውሃው ሲጎድል እንዲህ ትሆናለች» አለች። «ሞተሩ እየነደደ መርፌዋ ትወርዳለች። ባሌ አልዋሸም።» ጓድ ደምሰው ተነስቶ መጣ። በወጣትነቱ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበር ይባላል፤ እጁ ፒንሳ ለመያዝ እንግዳ አልነበረም። ራሱ ነከራት፣ ራሱ አወጣት፣ መርፌዋን ትክ ብሎ አያት። «ማን አስተማረሽ?» «ባሌ።» ሳልህን አየው፤ ሳልህ መሬቱን ነው የሚያየው። «እሺ» አለ ጓድ ደምሰው፣ ፒንሳውን እያስቀመጠ። «ስለ መርፌዋ አልዋሸህም።» ሙሀባ ሽቦዎቹን መጠቅለል ጀመረች።

ሰውየው ግን ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጀሪካን አንስቶ ወደ ታች ዘቀዘቀው፤ ጠብታ አልወጣም። «መርፌዋ የወረደችው ውሃ ስላለቀ ነው። ደህና። ይህ ጀሪካን ታዲያ ለምንድን ነው የተሰጠህ? ውሃው የት ሄደ?» ሳልህ የሸሚዙን እድፍ በጥፍሩ ፈቀፈቀ። «ስትወጣ ሞልተኸው ነበር? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።» ሳልህ አንገቱን ይበልጥ ደፋ። ሙሀባ ወደ አግዳሚው ላለማየት አንገቷን አደረቀች። አሁን ዝም ካለች ባሏ ነገ ደብረ ብርሃን ነው፤ እውነቱን ከተናገረች ሽማግሌው ናቸው። ሦስተኛ መንገድ አንድ ብቻ ታያት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ውሃ የምሞላው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ቦኖው ሰልፍ ነበረው፤ ሰልቸት ብሎኝ ባዶውን ጫንኩለት። እሱ ሙሉ መስሎት ነው የወጣው።»

ሳልህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ውሸቷን ነው» አለ። ጓድ ደምሰው አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ ፈገግ አለ፤ ደስ የማይል ፈገግታ ነው። «እንግዲያው አሻጥሩ የተጀመረው ከቤት ነው ማለት ነው» ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «የሚስቲቱን ስም ጻፍ።» ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ከበሩ በኩል የከዘራ ድምፅ ተሰማ።

አባ አብዱልሃዲ ቀስ ብለው መጡ፤ አሊዪ ሊይዛቸው እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ልጅ ሆኖ ቁርአን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና እጁን መለሰው። ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። ከኮታቸው ኪስ ቆረቆንዳዋን አውጥተው ከጀሪካኑ አፍ ከተቷት፤ ልክ ገባች። «ውሃውን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ ከመንገድ አንስቶ አሳፈረኝ። ዙህር ደረሰ፣ ውዱእ አደረግሁበት፤ ክዳኑን ኪሴ ከትቼ ረሳሁት፣ የቀረው ፈሰሰ። ልጄ ዝም በሉ ብሎ ለመነኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ይህች ልጅ ጀሪካኑን ሞልታዋለች። ስሟን ሰርዙት።» ሳልህ «አባ!» አለ። ሙሀባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ለባሏ ብላ ያፈላችው ውሃ አማቷን እንዳቃጠላቸው እዚያው ቆማ ገባት፤ ድስቱን በእግሯ ልትገለብጠው ምንም አልቀራትም።

ኮሚቴው ብዙ አልመከረም። የወረዳው የጭነት መኪና ሾፌር ከሚያዝያ ወዲህ ወደ ጦር ግንባር ዘምቷል፤ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ጎማው ላይ ዶሮ ትሰፍራለች። ሾፌር ያስፈልጋል፣ ጥፋተኛም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም አሁን በአንድ ቀን ተገኙ። ጓድ ደምሰው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረው፦ ሾፌሩ ተፈቷል፤ ሽማግሌው በመንግሥት ንብረትና በመንግሥት ሰዓት ላይ የሃይማኖት ሥርዓት በመፈጸም ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ሆነው ይላካሉ። ጀሪካኑን ገፋ አድርጎ ለሳልህ አቀበለው። «ነገ ጠዋት የጭነት መኪናውን ይዘህ እስረኞቹን ደብረ ብርሃን የምታደርሰው አንተ ነህ። ያለ ውሃ እንዳትወጣ።»

«አባቴንም?» አለ ሳልህ።

«እስረኞቹን ነው ያልኩህ።»

ባልና ሚስት በእግራቸው ተመለሱ። ባትሪውን እሱ ተሸከመ፣ ድስቱንና ምድጃውን እሷ። በገበያው ሲያልፉ ቅድም ዓይናቸውን የመለሱት ሴቶች «እንኳን አላህ ፈታህ» አሉት፤ ሳልህ ራሱን ነቅነቅ አደረገላቸው። ቤት ገብተው መደቡን አዩት፤ ሙስበሃው እዚያ ላይ ቀርቷል። ሳልህ አነሳው፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። በመጨረሻ «ዝም ብትይ ኖሮ» አለ። «ትሄድ ነበር» አለችው። «እሄድ ነበር» አለ፣ ይህንን ሲል አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይቀላት ነበር። ምሳ አቀረበችለት፤ አልነካውም። እሷም አልነካችውም። የእሱ መዳን ደስታዋ ነው፣ ደስታዋን ግን የምታስቀምጥበት ቦታ በዚያ ቤት ውስጥ አላገኘችለትም።

የአስር ሰላት ሲቃረብ ሳልህ ብድግ ብሎ ጀሪካኑን ያዘና ቦኖ ወረደ። ወንድ ልጅ ቦኖ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሴቶቹ ያላግጡ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሰልፉን ለቀቁለት። ሞልቶ ተመለሰ። ሙሀባ ቆረቆንዳዋን ነቀለች፣ ጨርቁን አጥባ አጠበቀች፣ ጀሪካኑ አፍ ላይ አድርጋ በመዳፏ ደጋግማ መታች። ሙስበሃውንም ይዘው ወደ ቀበሌው ሄዱ። አሊዪ በሩ ላይ ነው፤ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎታል። ሳልህ ጀሪካኑንና ሙስበሃውን ሰጠው፤ «ለአስር ሰላት ውዱእ እንዲያደርጉበት ነው፣ በአላህ» አለው። አሊዪ ግራ ቀኝ አይቶ ይዞ ገባ።

ብዙም አልቆየ። ሲወጣ ሙስበሃውን ትቶት ጀሪካኑን ግን ይዞት ነበር፣ ክብደቱ እንደ መጀመሪያው ትከሻውን አዘንብሎታል። «በውሃ ፋንታ በአፈር ተየሙም አድርገዋል» አለ፣ ሁለቱንም ሳያይ። «ውሃው ለመኪናው ይሁን አሉ። ዳገቱ ረጅም ነው፣ መርፌዋ ወርዳ ቢያያት እንዳያምናት በሉት አሉ።» ሳልህ እጁን ዘርግቶ ጀሪካኑን ተቀበለ። ሙሀባ ተጠግታ አየችው። ቆረቆንዳዋ በመዳፏ እንዳጠበቀቻት ነበረች።